የፌንጣ የከረሜላ ኪሶች

ጨርቅ ሳይተኮስ የጥልፍ መኪና ላይ አይወጣም። ይህ የሙያው ሀሁ ነው። ያልተተኮሰ ጨርቅ ቀለበቱ ውስጥ ሲወጠር ይሸበሸባል፣ ጥልፉ ይንጋደዳል፣ ከዚያ በኋላ የደንበኛን አፍ ማን ይችለዋል! ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ባለጥልፏ እያለ የሚጠራት ሴት ካውያ ስታነሣ አስባ አታውቅም። እጇ ራሱ ያነሣዋል። ያን ቀን ጠዋትም ያነሣው እጇ ነው፤ እሷማ ምን ልብ ነበራትና!

ከፊቷ የተደራረቡት መዳፍ የሚያካክሉ ክብ ጨርቆች ናቸው፤ ፌልት የሚባለው ወፈር ያለ ለስላሳ ጨርቅ፣ ቀለሙ ወተት የመሰለ። የበዓል ከረሜላ መያዣ ሊሆኑ ነው የተቆረጡት። ፊት ለፊቱ ላይ የሰው መልክ ይጠለፋል፣ ከኋላው ሌላ ክብ ይሰፋበታል፣ ከላይ አፉ ክፍት ይቀራል፣ ማንጠልጠያ ክር ይደረግለትና ከረሜላ ይሞላል። መልኮቹን በእስክሪብቶ የሣለቻቸው ልጇ ናት። ልጇ ደግሞ ከተቀበረች አፈሩ እንኳ በቅጡ አልደረቀም።

ፌልት ሲተኮስ በጀርባው ነው፤ በፊቱ ከተኮሱት ፀጉሩ ይተኛል። እሷም አንዱንም ሳትገለብጥ፣ ልጅቷ በሆዱ አስተኝታ እንደተወችው፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተኮሰቻቸው። እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ ጠርዙን እያስተካከለች፣ ጥንቅቅ አድርጋ። ከዚያ የመጀመሪያውን ገለበጠችው።

ባዶ ነው።

ሁለተኛውን ገለበጠች። እሱም ባዶ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ ከዚያ እንደ እብድ ክምሩን በትና ሁሉንም አገላበጠችው። አንዳችም መስመር የለም፤ ሁሉም ከጥቅል ላይ አሁን የተቆረጠ ይመስላል። ያኔ ነው ያስታወሰችው። ክው አለች።

እስክሪብቶው! ጥልፍ ሠሪ ሁሉ የሚይዘው፣ ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርጉበት፣ ሙቀት ሲነካው ሙልጭ ብሎ የሚጠፋው እስክሪብቶ! ለልጅቷ የሰጠቻትም ራሷ ናት፤ አልጋ ልብሱን ብታበላሸው እንኳ በካውያ ይለቃል ብላ።

"ምነው እጄን በቆረጠው!" ብላ ጮኸች። "ምነው ይሄን እጄን!"

ባሏ ከጓሮ እየሮጠ ገባ። ቤት ቀለም መቀባት ነው ሥራው፤ ከቀብሩ ወዲህ ግን ብሩሽ አልነካም፤ ጓሮ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ነው የሚውለው። "ምን ሆንሽ? ተቃጠልሽ?" አላት።

"ፈጀኋት። አንድም ሳላይ ፈጀኋት።"

"ማንን ነው የፈጀሽው? ተይ እንጂ አንቺ ሴት!"

ጨርቆቹን በእፍኟ አንሥታ ዘረጋችለት። እሱም አንዱን አነሣ፣ ገለበጠ፣ ካውያውን አየ፣ ገባው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጣላቸው። ቢቆጣት በተሻለ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷን ፌንጣ የሚላት አባቷ ነበር፤ ገና ዳዴ ስትል ጀምሮ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማታውቅ። ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ የተባለውም ያኔ ነው፤ ልጅቷ ግን ወሬው የሌላ ሰው ይመስል ትዘል ነበር። በዚህ ዓመት ግን ከንፈሯ እየጠቆረ፣ ደረጃ መውጣት እያቃታት ሄደና አልጋ ላይ ዋለች። ትምህርት ቤትም ቀረ። አንድ ቀን አስተማሪዋ የክፍሏን ልጆች ግልገል እንደሚነዳ ሰው ከፊቷ አድርጋ ልትጠይቃት መጣች። ያቺ ጠባብ ክፍል ያን ሁሉ ልጅ እንዴት እንደቻለች ፈጣሪ ይወቀው። ፌንጣ ትራስ ተደግፋ እንደ ሹም ተቀምጣ፣ "ለበዓሉ ለያንዳንዳችሁ የከረሜላ ኪስ አሠራላችኋለሁ። ኪሱ ላይ የራሳችሁ ፊት ነው የሚሆነው። እኔ እሥላለሁ፣ እማዬ ትጠልፈዋለች" አለች። ከዚያ ከመካከላቸው አንዱን ጉንጫም ልጅ አየት አድርጋ፣ "ላንተ እንኳ አንድ ጨርቅ መብቃቱን እንጃ!" አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጉንጫሙም ሳቀ።

ከዚያን ቀን በኋላ ሥራ በዛባት። አስባ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የልጆቹን መልክ አስታውሳ ነው የምትሥለው። አንዱን በጨረሰች ቁጥር ፊቱን ወደ ታች አድርጋ ትራሷ ሥር ትከተዋለች። እናቷ ልታይ ስትጠጋ፣ "አይቻልም! ሁሉም ሲያልቅ ነው የሚታየው" ብላ ትሸፍነዋለች። ባለጥልፏም አትጨቃጨቅም፤ ጊዜውስ የት አለና! በዓል ሲደርስ የጥልፍ ሥራ እንዲህ እንደዋዛ አይደለም። የጠረጴዛ ልብስ፣ መጋረጃ፣ የልጆች ቀሚስ፣ ደንበኛው ሁሉ ዛሬውኑ ካልደረሰ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው።

"እማዬ፣ የኔን መቼ ነው የምትጀምሪው?"

"ቆይ የኔ ልጅ፣ የሰው ሥራ ላድርስ።"

"እኔስ ሰው አይደለሁም?"

ሁለቱም ሳቁ ያኔ። ቀልድ ነበር፤ ፌንጣ ተናግራ ያልቀለደችበት ቀን የለም። ሥዕሉ አለቀ፣ የሰው ሥራ ግን አላለቀም፣ እንዲህ ሲባል ፌንጣ አንድ ቀን ቀትር ላይ እንቅልፍ የወሰዳት መስላ ሄደች።

ትምህርት ቤቱ ለበዓል የሚዘጋው ይህ ካውያ በተነሣ ማግስት ነው። ከረሜላ የሚታደለውም ያን ቀን ነው። ማንም ኪሱን አምጪ ያላት የለም፤ ማን ደፍሮ ይላታል? እሷ ግን ከአልጋዋ የተነሣችው ለዚህ ብላ ነው። ልጄ ቃል ገብታለች፣ የልጄን ቃል አላስቀርም ብላ። ይኸው አሁን ቃሉንም መልኩንም በካውያ ጠራረገችው።

"ሌላ እንሣል" አለ ባሏ። "እኔ ቀለም ነው ሥራዬ፤ የሆነ ነገር አያቅተኝም።"

"አንተ የምትሥለው ያንተ ነው። እኔ የሷን ነው የምፈልገው። አላየሁትም እኮ! አንዱን እንኳ አላየሁትም!"

ይህን ብላ ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ፣ ድንገት ልቅሶዋን ቀጥ አደረገችው። አንድ ነገር ትዝ አላት። አንዲት ደንበኛ ነበረች፣ ነገረኛ። ብርድ አገር ላለ ወንድሟ የአልጋ ልብስ አስጠልፋ ላከችለትና ሳምንት ሳይሞላ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ መጣች። "አልጋ ልብስ ጥለፊልኝ ብልሽ ካርታ ትሥዪልኛለሽ?" በካውያ የጠፋው ምልክት ሁሉ መንገድ ላይ ብርድ ሲመታው ተመልሶ ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ባለጥልፏ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። አሁን ግን ያቺን ነገረኛ ብታገኛት ጉልበቷን ትስማት ነበር።

"ብርድ ይመልሰዋል!" አለች ብድግ ብላ። "ተነሥ! ብርድ ይመልሰዋል!"

የቤታቸው ፍሪጅ ስሙ ፍሪጅ ይሁን እንጂ ውሃ እንኳ በቅጡ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ጨርቆቹን በፌስታል ይዘው መንገዱን ተሻግረው ጋሽ በረዶ ዘንድ ሄዱ። ጋሽ በረዶ ከጥግ ያለው ባለሱቅ ናቸው። ዓሣውንም፣ ዶሮውንም፣ አይስክሬሙንም የሚያሳድሩበት አንድ ትልቅ ፍሪዘር ስላላቸው ነው ስሙ የወጣላቸው። ወሬ ይወዳሉ፤ ኀዘንተኛ ሲያዩ ግን የሚሉት ይጠፋቸውና ያልሆነ ነገር ያመልጣቸዋል።

"ጨርቅ?" አሉ ፌስታሉን ከፍተው። "ደግሞ ጨርቅ ውጭ ካደረ ይበላሻል ልትይኝ ነው?" ወዲያው ምላሳቸውን ነከሱ።

"የፌንጣ ሥዕል ነው ጋሼ። በካውያ አጠፋሁት። ብርድ ከነካው ሊመለስ ይችላል።"

ሽማግሌው ጨርቁን አዩ፣ እሷን አዩ። ፍሪዘሩን ከፍተው እስከ ወገባቸው ገብተው አይስክሬሙን ማውጣት ጀመሩ። "ይቀልጣል እኮ ጋሼ" አላቸው ባሏ። "ይቅለጣ!" አሉት። "ይቅለጥ! ያቺ ልጅ ስንቱን አይስክሬም በዱቤ በልታብኛለች መሰለህ፤ ይሄኛውንም እሷ በላችው።" የዓሣ ሽታ እንዳይነካቸው ጨርቆቹን አንድ በአንድ በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልለው፣ ከታች ከበረዶው ላይ ደረደሩና ክዳኑን ዘጉት።

ከዚያ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ገዢ ይመጣል፣ ጋሽ በረዶ "ፍሪዘሩ አይከፈትም" ይላሉ፤ "ምነው ተበላሸ?" ሲባሉ "አዎ" ይላሉ። ባለጥልፏ ዓይኗን ከክዳኑ ላይ አልነቀለችም። ባሏ ሳያስበው እጇን ያዛት። ከቀብሩ ወዲህ ሲነካት የመጀመሪያው ነበር።

ሲከፈት አንዱን አውጥታ ላስቲኩን ገለጠች። ጨርቁ ደርቆ ቆርቆሮ መስሏል። መጀመሪያ ምንም የታያት ነገር የለም፤ እንባዋ ነው የጋረዳት። ጠርጋ ስታይ፣ ፈዘዝ ያለች ሰማያዊ መስመር አለች። ክብ ጉንጭ፣ ከዚያም ሌላ ክብ ጉንጭ፤ ከጨርቁ ጠርዝ ሊወጣ ደርሷል።

"ጉንጫሙ!" አለች። "ጉንጫሙ ነው! ኧረ እየው!"

እያለቀሰች ሳቀች። ጋሽ በረዶ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ጨው የሚፈልጉ መሰሉ።

ቤት ገብተው እስከ ከሰዓት ድረስ ቀና አላሉም። ይህ ንድፍ ተጭኖለት በራሱ የሚጠልፍ መኪና አይደለም። ጨርቁን በቀለበት ወጥረው፣ በእግር እየነዱ፣ ቀለበቱን በሁለት እጅ እያዘወሩ መርፌውን በመስመሩ ላይ ማስኬድ ነው። ባሏ ማንጠልጠያ ክሩን ይገምዳል፣ የኋላውን ክብ ይቆርጣል፣ የተረፈ ክር ይለቅማል። መስመሩ በጣም የፈዘዘበት ቦታ ላይ መስኮቱ ዘንድ ወስዶ በጣቱ ያሳያታል። ጥርሰ ወላቃዋ ወጣች። መነጽር ያለው ወጣ፤ አንዱ መስታወት የተሰነጠቀው ሳይቀር። ጆሮው የቆመው ወጣ። ሁለት የሚመሳሰሉ እኅትማማቾች ወጡ፤ እነሱን ለመለየት ፌንጣ አንዷን ምላሷን አስወጥታታለች። እናት እያንዳንዱን መልክ ስትጠልፍ ልጇ በሆዷ እንዴት እየሳቀች እንደሣለችው ይታያታል። እነዚያን ልጆች ሰው ሁሉ ያያቸዋል፤ እንዲህ ያየቻቸው ግን ፌንጣ ብቻ ናት።

አስተማሪዋ ባልየው ደውሎላት ስለነበር መጥታ ኪሶቹን ተረከበች። ከመካከላቸው ትልልቅ የጆሮ ጌጥ ያለው፣ አንድ ቅንድቡ ወደ ላይ የተሰቀለ ፊት አየች። "ይሄ እኮ እኔ ነኝ" አለች። "ስቆጣ እንዲህ ነው የምሆነው?" ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ባለጥልፏ ናት ያባበለቻት።

አስተማሪዋ ከሄደች በኋላ ባልየው ጠረጴዛውን ሲያጸዳ ላስቲክ ውስጥ የቀረ አንድ ጨርቅ አገኘ። "ይቺን ረስተናታል" ብሎ ሰጣት። "የማን ነች?"

ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። የሴት ፊት ነው፤ በሰፊው የምትስቅ። አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላለች። "እኔ ነኝ" አለች። "እኔንም ሥላኛለች።" ግን መስመሩ ተመሳቅሏል። ከሳቂታዋ ሴት ሥር ሌላ መስመር አለ፤ በዚህ በኩል ትከሻ፣ በዚያ በኩል የታሰረ ፀጉር። ዕድፍ መስሏት በጥፍሯ ነካ አደረገችው። ዕድፍ አይደለም። ያ እስክሪብቶ ከበስተኋላው ላጲስ አለው፤ ሲፈትጉት በሙቀቱ ቀለሙን ያጠፋል። ፌንጣ አንድ ነገር ሥላ፣ አጥፍታ፣ በላዩ ሌላ ሥላለች። ብርዱ ደግሞ የጠፋ ሲመልስ አይመርጥም።

አተኩራ አየችው። ከሥር ያለችው ሴት ፊት የላትም። የታሰረ ፀጉሯ፣ የጎበጠ ጀርባዋ፣ ከጀርባዋ ማዶ የጥልፍ መኪናው አናት፣ ከዚያም መስኮት። በቃ ይኸው ነው።

የጥልፍ መኪናው ያለው መስኮቱ ሥር ነው፤ ለብርሃኑ ሲባል። የልጅቷ አልጋ ከበስተጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የተኛችው እዚያ ነው። "እማዬ ዙሪማ" ትል ነበር። "ዙሪማ አንዴ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።" "ቆይ፣ ይቺን መስመር ልጨርስ።" መስመር መቼ አልቆ ያውቃል? አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል። በዚያች ቀትር እንኳ፣ ልጅቷ በሄደችበት ሰዓት፣ እናቷ መኪናው ላይ ነበረች፤ እንቅልፍ የወሰዳት መስሏት ድምፅ እንዳይበዛ ብላ ቀስ እያለች ትነዳ ነበር።

"ምን ሆንሽ?" አለ ባሏ። ጨርቁን ሰጠችው። ረጅም ጊዜ አየው።

"ጀርባዬን ነው ያየችው" አለች። "መልኬን አስታውሺ ብትባል ጀርባዬን ነው ያስታወሰችው።"

"አጥፍታዋለች እኮ።"

"እንዳይከፋኝ ብላ ነዋ! አታውቃትም እንዴ! ከራሷ ይልቅ ለሰው ሆድ የምትጨነቅ!"

"እንግዲያው እንዳይከፋሽ ብላ ያጠፋችውን አንቺ ምን ብለሽ ትመልሺዋለሽ?" ጨርቁን መለሰላት። "የሣለችልሽን ስፊው። የምትስቂውን። አንቺን ብላ ነው የደከመችው።"

ያለው ነገር ትክክል ነው። ቀለበቱን ወጠረች፣ ቀይ ክር አስገባች፣ ተቀመጠች። ባሏ ማየቱን አልቻለም፤ ወደ ጓሮ ወጣ። መርፌውን ከሳቂታዋ ሴት አፍ ጥግ አስቀምጣ ፔዳሉን ረገጠች። ክሩ በመስመሩ ላይ መሄድ ጀመረ፤ ከንፈሩ ወጣ፣ ወደ ላይ መታጠፍ ጀመረ። እጇ እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ይህ እጅ ምንም ይምጣ ምን መስመር አይስትም።

ግማሽ ላይ ስትደርስ እግሯን ከፔዳሉ አነሣች። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ፣ ሳቁ ገና ሳይሞላ፣ መስመሩን ሳትጨርስ ወንበሯ ላይ እንዳለች ዞረች።

አልጋው ተነጥፏል። ትራሱ ላይ የጭንቅላቷ ጎድጓዳ እንኳ የለም፤ ለለቅሶ የመጡት ሴቶች አንሶላውን ለውጠውታል።

"ይኸው ዞርኩልሽ" አለች። "ምን ነበር ልታሳዪኝ የፈለግሽው?"

ጀምበር እስክትጠልቅ ድረስ ፊቷን ወደ አልጋው እንዳዞረች ተቀምጣ ቀረች።